የክረምቱ ብር ከየት ይጀምር? ለመሃል አዲስ አበባ ነጂ የጎማ፣ የስፓዞላ፣ የፍሬንና የመንገድ ምርጫ

ከሁለት ክረምት በፊት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቼ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ካፊያ ነው። ዶፍ እንኳ አልነበረም። ፖስታ ቤት ልደርስ ስል ፊቴ ያሉት መኪኖች ቆሙ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዬ ግን መንሸራተቷን ቀጠለች። ያረፍኩት ሚኒባስ ፓራውልት ላይ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

በማግስቱ ጎማዬን ያየው ጎሚስታ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ በዚህ ጎማ ቁልቁለት ወርደሽ እዚያ ብቻ መቆምሽ፣ እግዜር ነው የያዘሽ።» በዚያው ሰኔ ለወንበር ልብስና ለፖሊሽ ብር አውጥቼ ነበር። ለጎማ ግን «ይቆያል» ብዬ።

ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱ ወረቀት አወጣና ያለኝን ብር እደለድላለሁ። ብዙዎቻችን ሁሉንም ባንድ ጊዜ መቀየር አንችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ከዚህና ከዚያ የቱ ይቅደም?» ነው። የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ መሬት የሚነካው፣ ቀጥሎ የሚያሳየን፣ ከዚያ የሚያቆመን። ሌላው ሁሉ ከተረፈ።

የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ስለ ክረምት መንዳት ከውጭ የሚመጣው ምክር አብዛኛው ስለ በረዶ ነው። የጎማ ሰንሰለት፣ የበረዶ መፋቂያ፣ ውሃው እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። አዲስ አበባ መሃል ላይ አስፋልት ረጥቦ በረዶ ሆኖ አይጋገርም። የሚጥለው የበረዶ ጠጠርም ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል።

ይሄ ልዩነት ኪስ ውስጥ ይገባል። ከአውሮፓ ተጠቅመውባቸው ከሚመጡ ጎማዎች መሃል «የክረምት ጎማ ነው፣ ለዝናብ አሪፍ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ያጋጥማችኋል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበት ካያችሁ፣ ያ ጎማ ለእነሱ ክረምት የተሠራ ነው። ላስቲኩ ለስላሳ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ታስቦ ነው የተቀመመው። እኛ ጋ በነሐሴም ቢሆን ቀን ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ እንውላለን። በዚህ ሙቀት ያ ጎማ ቶሎ ያልቃል። እርጥብ አስፋልት ላይም ከበጋ ጎማ ይልቅ ዘግይቶ ይቆማል። ስሙ «የክረምት» ስለሆነ ብቻ አትግዙት።

ጎማ፦ አዲስ ርካሽ ወይስ ያገለገለ ጥሩ ስም ያለው?

ይሄ ትልቁ ምርጫ ነው። ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ሂዱ፣ ቤታችሁ አጠገብ ያለው ጎሚስታ ጋም ሂዱ፣ ሦስት ዓይነት ነገር ይቀርብላችኋል። አንደኛው ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት አዲስ ጎማ ነው፣ ብዙ ጊዜ የቻይና። ሁለተኛው ስሙ የታወቀ አዲስ ጎማ ነው፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። ሦስተኛው ስሙ የታወቀ፣ ግን ውጭ አገር ተነድቶበት የመጣ ያገለገለ ጎማ ነው። ሻጩ ሦስተኛውን «ኦርጅናል እኮ ነው፣ ከአዲሱ ቻይና ይሻላል» ይላችኋል።

ይሻላል ወይ? ለክረምት፣ በአብዛኛው አይሻልም። ምክንያቱ ጥርሱ ነው። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በብዙ አገሮች ሕግ ጎማ መጣል ያለበት ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነው። ዝናብ ላይ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በጎማውና በአስፋልቱ መሃል ያለውን ውሃ መጭመቅና ማስወጣት ያቅተዋል። ያገለገለው ጎማ ወደ እናንተ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ይሄ አንድ ክረምት ነው፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። አዲሱ ርካሽ ጎማ ደግሞ በከተማ አነዳድ ለእኔ ሦስት ክረምት ሙሉ ጥርሱ ሳያልቅ ሠርቶልኛል። ዋጋውን በክረምት ብዛት አካፍሉት። ያገለገለው ርካሽ የሚመስለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) በሚሉት የላቲን ፊደላት በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 1822 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በ18ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። እኔ ከ6 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛም። ላስቲኩ ደርቋል። እርጥብ መንገድ አይጨብጥም። ያገለገለውን ስትገዙ በጎኑ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ። የፀጉር ስንጥቅ የመሰለ መስመር ካለ ይቅርባችሁ።

እዚህ ጋ ከራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ በላስቲክ የተጠቀለለ «አዲስ» ጎማ ሸጠልኝ። ቤት መጥቼ ቁጥሩን ሳየው 8 ዓመት የሞላው ነበር። ያልተነዳበት ነው፣ እውነት ነው። ግን ከዓመት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ የኖረ። ለመመለስ ብሄድ ደረሰኝ ላይ ምንም አልተጻፈም ብለው መለሱኝ። አሁን ብር ሳልቆጥር በፊት አጎንብሼ አራቱን ቁጥሮች ራሴ አነባለሁ። እናንተም አራቱንም ጎማ አዙሩና አንብቡ። ቁጥሩ አንዳንዴ ወደ ውስጥ በዞረው ጎን ላይ ይሆናል።

ያገለገለ ጎማ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። መኪናችሁን በቅርቡ ልትሸጡ ከሆነ። ወይም አንዷ ጎማ ተቀድዳ ከቀሪዎቹ ጋር የምትመጣጠን ፍለጋ ላይ ከሆናችሁ። አዲስና ያለቀ ጎማ በአንድ አክሰል ላይ ግራና ቀኝ ከማሰር፣ ተቀራራቢ ጥርስ ያላት ያገለገለች ትሻላለች።

የታወቀው ብራንድ አዲስ ጎማስ? አቅም ካላችሁ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። በተለይ እርጥብ መንገድ ላይ መቆም ላይ። ግን አቅማችሁ ለሁለት ብራንድ ጎማ ብቻ ከሆነና አራቱም ያለቁ ከሆነ፣ እኔ አራት ርካሽ አዲስ እገዛለሁ። ሁለት ጎበዝና ሁለት የተላጨ ጎማ ያለው መኪና መታጠፊያ ላይ አይታመንም።

አራተኛ ምርጫ የሚመስል ነገርም አለ፣ ያለቀ ጎማን በቢላ እየቆረጡ እንደገና ጥርስ ማውጣት። በትልልቅ መኪኖች ጎማ ላይ ለዚሁ ታስቦ የተሠራ ወፍራም ላስቲክ ያላቸው አሉ። ለቤት መኪና ግን ፈጽሞ አይሆንም። የምትቆርጡት የጎማውን ሥጋ ነው። ጉድጓድ ሲመታ ይፈነዳል።

ጥርሱን ለመለካት የልጆች ማስመሪያ ይበቃል። ብዙ ማስመሪያ ከዜሮው በፊት ትንሽ ባዶ ጫፍ አለው፣ እሱን አስቡበት። በመሃል፣ በግራና በቀኝ ለኩ። መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶ ኖሯል። ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ንፋስ አንሶ። አንድ ወገን ብቻ ከሆነ አላይመንት ነው፣ የእግሮቹ አሰላለፍ ተዛብቷል።

ንፋሱን በተመለከተ፣ «ለዝናብ ትንሽ ቀንስ፣ ይጨብጣል» የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ስኮርታዋንም (ተጠባባቂዋን ጎማ) እግረ መንገዳችሁን አስለኩ።

ሁለት ጎማ ብቻ ከገዛን ፊት ወይስ ኋላ?

አብዛኛው ሰው፣ ብዙ ጎሚስታም ጭምር፣ አዲሱን ፊት ያስራል። ቪትዝንም ብዙዎቹን ኮሮላዎችም የሚነዳቸው የፊት እግር ስለሆነ ትክክል ይመስላል። የጎማ ፋብሪካዎች ምክር ግን ተቃራኒ ነው፦ አዲሱ ኋላ። ምክንያቱን ካሰብኩት በኋላ እኔም ከእነሱ ጋር ሆኛለሁ። ፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ይገፋል እንጂ አይዞርም። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ፍጥነቱ ይቀንስና መሪው ይመለስላችኋል። ኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል። አደባባይ ዙሪያ ላይ እያለን ኋላችን ቢያመልጥ፣ ልምድ ያለው ሹፌር እንኳ መመለሱ ይከብደዋል። ስለዚህ አዲሶቹን ኋላ፣ የተሻሉትን አሮጌዎች ፊት። ቅድመ ሁኔታው የፊቶቹ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች አለመሆናቸው ነው። ከዚያ ካነሱ አራት ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ስፓዞላ፦ ላስቲኩን ብቻ ወይስ ሙሉውን?

የእኛን ስፓዞላ (የመስታወት ዝናብ መጥረጊያ) የሚገድለው ዝናብ አይደለም፣ ፀሐይ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በዚህ ከፍታ ያለ ፀሐይ ሲያርፍበት ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲመጣ መስታወቱን ይቀባዋል እንጂ አይጠርገውም። ለዚህ ነው ግንቦት መጨረሻ ላይ መቀየሩ የሚያዋጣው። በመስከረም የቀየረ ሰው ለፀሐይ ነው የገዛው።

ምርጫው እንዲህ ይለያል። አንድ ጆግ ውሃ መስታወቱ ላይ ደፍታችሁ አስነሱት። ቀጭን ቀጭን መስመር እየተወ ከሄደ ላስቲኩ ነው፣ ላስቲኩን ብቻ አስቀይሩ። ሰፊ ቦታ ሳይነካ ካለፈ ወይም እየዘለለ ከሄደ፣ አጥንቱ ጎብጧል ወይም ስፕሪንጉ ላልቷል። ያን ጊዜ ሙሉውን። አጥንት የሌለው ጠፍጣፋው ዓይነት መስታወቱን እኩል ይጫናል፣ ግን ርዝመቱና መያዣው ለመኪናችሁ ልክ መሆኑን እዚያው አስገጥማችሁ እዩ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መግዛት ካልቻላችሁ የሾፌሩን ወገን አስቀድሙ።

ስፓዞላ ከመግዛታችሁ በፊት ግን መስታወቱን እጠቡት። የከተማችን የናፍጣ ጭስ መስታወት ላይ ቅባት ይሠራል። ቀን አይታይም። ማታ፣ በዝናብ፣ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ንጹህ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ጋዜጣ። ውስጡንም ውጭውንም። ብዙ ጊዜ «ስፓዞላዬ አልሠራም» ያለው ሰው ችግሩ እዚህ ያልቅለታል።

የመስታወት እንፋሎት፦ ኤሲ፣ መስኮት ወይስ ጨርቅ?

ጨርቅ የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። እየነዳችሁ በአንድ እጅ ስትጠርጉ እይታችሁም መሪውም ይጠፋል፣ መስታወቱም ይቆሽሻል።

ኤሲ ያለው መኪና ካላችሁ ክረምት የኤሲ ወቅት ነው። ብዙ ሰው ኤሲ ለሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ኤሲ አየሩን ያደርቃል። ከሙቀቱ ጋር አብራችሁ ክፈቱት፣ አቅጣጫውን ወደ ፊት መስታወት አድርጉ፣ አየር ከውጭ እንዲያስገባ አድርጉ። አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረው ቁልፍ በርቶ ከሆነ የአራት ሰው ትንፋሽና የረጠበ ጋቢ እንፋሎት መውጫ ያጣል። ነዳጅ ትንሽ ይወስዳል፣ አዎ። ሳያዩ ከመንዳት ግን ይሻላል።

እንደ አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ያለ ኤሲ የሌለው ወይም ኤሲው የሞተ መኪና ከሆነ፣ ሙቅ አየር ወደ መስታወቱና ሁለት መስኮት በጣት ስፋት ክፍት። አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ግራና ቀኝ፣ አየሩ እንዲያልፍ። ትንሽ ትረጥባላችሁ። ወለሉ ላይ የጨርቅ ምንጣፍ ካለ ክረምቱን አንሱትና የላስቲክ አንጥፉ። የጨርቁ ውሃ ይዞ ሌሊቱን እንፋሎት ሲሠራ ያድራል፣ ከሥሩም ላሜራው ይዝጋል።

ፍሬን፦ ሸራው፣ ዘይቱና እግራችን

የፍሬን ሸራ ላይ በጣም ርካሹን አልገዛም። ግን የመጨረሻ ውዱም ለከተማ አያስፈልግም። መካኒካችሁን የምታምኑት ከሆነ የሚያውቀውን መካከለኛ ምረጡ፣ ሲያወጣው አሮጌውን እጃችሁ ላይ ተቀበሉና እዩት።

የሚረሳው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው። እርጥበት ሲጠጣ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ከእንጦጦ ወይም ከፒያሳ ፍሬን ላይ ቆማችሁ ስትወርዱ ዘይቱ ይሞቃል፣ እርጥበት ያለበት ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። መኪናችሁ ዶት 3 ከተባለ ዶት 4 መጠቀም ይቻላል፣ ይዋሃዳሉ። ዶት 5 ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም። እኔ በየሁለት ዓመቱ ሰኔ ሳይገባ አስቀይራለሁ። ከጎማ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሠራው ግን ነፃ ነው፦ ፍጥነት። በደረቅ አስፋልት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። እርጥብ ላይ በስሌት ወደ 25 ሜትር ይጠጋል። ይሄ ደህና ጎማ ላለው፣ በሜዳ ነው፤ ቁልቁለት ይጨምርበታል። ፍጥነቱን ወደ 30 ካወረዳችሁት ግን እርጥብ ላይም 9 ሜትር ይበቃችኋል። በጃንጥላ ሥር ሆኖ መኪና ሳያይ መንገድ ለሚያቋርጥ ሰው ይሄ ልዩነት ሕይወቱ ነው።

አረጋገጡም እንደ መኪናው ይለያያል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው) ያለው መኪና ላይ በአደጋ ጊዜ አጥብቃችሁ ርገጡና ያዙ። እግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ሥራውን እየሠራ ነው፣ አትልቀቁ። ኤቢኤስ የሌለው ላይ ጎማው ሲቆልፍ ከተሰማችሁ ትንሽ ለቀቅ፣ መልሳችሁ ረገጥ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁለቱም ዝቅ ባለ ማርሽ ይውረዱ። ከመውረዱ በፊት ሁለተኛ አስገቡ፣ መሃል ላይ ሳይሆን። ኦቶማቲክ ከሆነም ዝቅ ያለው ማርሽ ላይ አድርጉት። ቸርችልንም ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ የሚወርደውንም አሁን የምወርደው እንዲህ ነው።

ስለ አራት እግር መኪና አንድ ቃል። አራቱም እግር የሚነዳው መኪና ጭቃ ውስጥ ያወጣችኋል። ለመቆም ግን ከቪትዝ አይለይም፣ ሁለቱም የሚቆሙት በጎማቸው ነው። ከባድ ከሆነም የሚያቆመው ጉልበት ይበዛል። ከፍ ያለ መኪና ላይ ስንቀመጥ ልባችንም ከፍ ይላል፣ እሱን መጠበቅ ነው።

መብራት

በዝናብ ቀን ላይ አጭሩን መብራት አብሩ፣ ፓርኪንጉ አይበቃም። አራቱን ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ግን የተለመደ ስህተት ነው። ልትታጠፉ ስትሉ ማንም አያውቅም። እሱ ለቆመ መኪና ነው። ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ለተራ አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ ማስገባትም አልመክርም። ብርሃኑ ይበተናል፣ የዝናቡን ጠብታ ነጭ መጋረጃ ያደርግባችኋል፣ ፊት ለፊት የሚመጣውንም ያሳውራል። የደበዘዘውን የመብራት መስታወት ማስወልወል ይቅደም።

ውሃው ሲሞላ፦ ማለፍ ወይስ መመለስ?

ከተማችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከታች ወደ ቦሌ ስንወርድ 2,300ዎቹ ውስጥ እንገባለን። ላይ የጣለው ሁሉ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንቲቀጡ አድርጎ በመሃላችን ያልፋል። ስለዚህ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢወጣም ከታች ድልድይ ላይ ውሃው እየጨመረ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ቀላል ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የአብዛኛውን የቤት መኪና ሆድ ይነካል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚፈስ ውሃ ብዙ መኪኖችን ማንሳት ይጀምራል። 60 ሴንቲ ሜትር ትልልቆቹንም ጭምር ይወስዳል። ጥልቀቱን ለመገመት የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እዩ። ጠርዙ ጠፍቶ ከሆነ እኔ እመለሳለሁ። ቡናማ ውሃ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር፣ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ይኑር አይነግራችሁም። «ፊቴ ያለው አለፈ እኮ» ማለት አይሠራም፣ የእሱ መኪና ከፍታ የእናንተ አይደለም።

ጠርዙ ከታየና ውሃው የማይፈስ ከሆነ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ሳትቆሙ፣ መንገዱ መሃል ላይ እለፉ። ፊት ያለው ጨርሶ እስኪወጣ ጠብቁ። ከወጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ይድረቅ። እግረኛ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ይበልጥ ቀስ በሉ። ሥራ ለመግባት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ልብሱ ላይ ያን ጭቃ ውሃ መርጨት ቀኑን ሙሉ ማበላሸት ነው።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ እንደገና አታስነሱት። ውሃ በአየር ማስገቢያው ገብቶ ከሆነ አይታመቅም። ፒስተኑ ሲገፋው የሚታጠፈው ብረቱ ነው። ገፍታችሁ አውጡ፣ መካኒክ ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ፈትቶ ውሃውን ያስወጣ። ለአንድ መጎተቻ የሚከፈለው ብር ከአዲስ ሞተር ጋር አይወዳደርም።

ኢንሹራንሱንም አሁን፣ ደረቅ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ለሌላው ሰው ነው እንጂ የእናንተን መኪና አይጠግንም። ሙሉውን የገባችሁም ብትሆኑ ጎርፍና ውሃ የገባበት ሞተር መካተቱን ውሉ ላይ አንብቡ። በቃል የተነገረ አይበቃም።

የነዳጅ መኪናና የኤሌክትሪክ መኪና በዝናብ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። «ውሃ ይነካዋል፣ ይይዛል» የሚለው ፍርሃት ተጋኗል። ባትሪው ታሽጎ ነው የሚሠራው፣ ዝናብና ኩሬ አይጎዳውም። አየር የሚስብ ሞተር ስለሌለውም ከላይ የነገርኳችሁ የፒስተን ጣጣ የለበትም። ግን ጀልባ አይደለም። ያው ውሃ ያነሳዋል። ውሃ ወለሉ ላይ ከገባበት ቻርጅ ሳታደርጉ ባለሙያ ይየው።

ሌሎች ሁለት ልዩነቶች አሉ። ክብደቱ ይበዛል፣ ጉልበቱም ድንገተኛ ነው። እርጥብ ዳገት ላይ ፔዳሉን በቀስታ ካልነኩት ጎማው ይሽከረከራል። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ስትገዙ ከመጠኑ ሌላ የሚሸከመውን ክብደት የሚገልጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አመሳስሉ። ሁለተኛው ቻርጅ ነው። የራሱ ቻርጀር በትክክል የተገጠመ ከሆነ ዝናብ ላይም ይሠራል። ከሳሎን በመስኮት አውጥታችሁ በግቢ ጭቃ ላይ በዘረጋችሁት ኤክስቴንሽን ግን በክረምት በጭራሽ። ያን የሚረግጠው የቤታችሁ ልጅ ነው።

ብር ባናወጣበት የሚሻለው

ላቫጆ ላይ ሞተር በግፊት ውሃ ማሳጠብ። ክረምት ላይ ብዙ ሰው ጭቃው ስላስጠላው ያሳጥባል። ውሃው ሶኬትና ሴንሰር ውስጥ ይገባና በማግስቱ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚያው ብር የመኪናውን ሆድና የጎማ ቤቶቹን ጭቃ አስነሱ፣ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለአዲስ ባትሪ መቸኮልም አያስፈልግም። ባትሪን የሚፈትነው የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ነው። በክረምት የሚከብደው መብራት፣ ስፓዞላና ማራገቢያ አብረው ሲሠሩ ነው፣ ያኔ የሚለፋው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ እሱን አስቀይሩ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የሰኔ ካፊያ ከነሐሴ ዶፍ የከፋ ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ካፊያው ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ዶፉ አጥቦ ይወስደዋል፣ ካፊያው ግን ያቦካዋል። እኔ የተጋጨሁትም ለጥቂት ቀናት አባርቶ በመጣ ካፊያ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እንላለን። ለመንገድ ግን አይሠራም። ነሐሴ 13 ካለፈ በኋላም እስከ መስከረም ዝናቡ አለ፣ የሰኔው ጥንቃቄ ግን ከብዙዎቻችን ወጥቷል።

ማቆሚያ፦ ዛፍ ሥር፣ ሜዳ ላይ ወይስ ምድር ቤት?

የበረዶ ጠጠር ሲጥል ሁሉም ዛፍ ሥር ይሮጣል። በነፋስ ጊዜ ቅርንጫፍ ከበረዶው የባሰ ጉዳት ያደርሳል፣ አፈሩ የራሰ ትልቅ ባሕር ዛፍም ሊወድቅ ይችላል። መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ማቆሚያ ለጣሪያም ለመስታወትም ደህና ነው፣ ስታዲየም አካባቢ ጉዳይ ካላችሁ እዚያ አቁማችሁ በእግር መሄድ ያዋጣል። የሕንፃ ምድር ቤት ከሆነ ግን ስትገቡ መውረጃው ላይ የውሃ ማፍሰሻው አለመደፈኑን እዩ። ጥበቃውን ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቶ ያውቃል?» እነሱ ያውቃሉ። «አዎ» ካለ ከምድር ቤቱ ላይኛው ወለል ላይ ቦታ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ሜዳ ላይ፣ ከቱቦና ከዳገት ግርጌ ራቅ ብላችሁ አቁሙ።